ኔትወርኩ ምን አደረገ?

ከአንድ ቤት ኮምፒውተር ወደ ሌላ ቤት ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ ለመግባት ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው ዊንዶውስ አንድ መልእክት ያወጣል። መልእክቱ ሦስት ምክንያት ይቆጥራል፦ አንደኛ፣ በወዲያኛው ኮምፒውተር ላይ ሪሞት አልተፈቀደ ይሆናል፤ ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ የለ ይሆናል። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ደግሞ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ይህን መልእክት የሚያይ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘልሎ ሦስተኛውን ብቻ ያነባል። ወዲህ ያለው "ኔትወርክ የለም" ይላል፤ ወዲያ ያለው "ሸበካ ማፊ" ይላል። ላፕቶፑ ይከደናል፣ ሥራው ያድራል።

ክርክሬ ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ሥር ስለሰደደ ማንም አይጠይቀውም፤ ቴክኒሻኑ ይለዋል፣ ባለ ሱቁ ይለዋል፣ ከካርቱም ተፈናቅሎ ገዳሪፍ የገባው ተማሪም ይለዋል። እኔ የምለው፣ ሁለት የቤት ኮምፒውተሮች አንገናኝም ሲሉ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በማማው ወይም በኬብሉ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ባለው ሳጥን፣ በሰዓቱ፣ በፓስወርዱ። ከዚያ የተረፈው ደግሞ የአድራሻ ጉዳይ ነው፤ የኢንተርኔቱ ፍጥነት አሥር እጥፍ ቢጨምርም አይፈታም። በዚህ አካባቢ ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው የሚል ካለ ከእሱ ጋር አይደለሁም። መጥፎ ነው። መጥፎ መሆኑ ግን ባልሠራው ጥፋት አያስከስሰውም።

ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ገዳሪፍ ያለች እኅት ጎንደር ላለው ወንድሟ በኢሞ ትደውላለች። ፊቷ ይታያል፣ ከኋላዋ የሚዞረው ቬንትሌተር ይታያል፣ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። "ወንድምዬ፣ ዛሬ አትድከም፤ ኔትወርክ የለም፣ ኮምፒውተሩ እምቢ ብሏል" ትለዋለች። እሱም "እሺ በቃ፣ ሲመጣ እንሞክራለን" ይላታል። ከዚያ ስለ ዘመድ ወዳጁ እያነሡ እየጣሉ በቪዲዮ አውርተው ይዘጋሉ። ኔትወርክ የለም የተባለው በዚያው ኔትወርክ ላይ ነው፤ ያውም ከሪሞት ዴስክቶፕ ይልቅ ብዙ ዳታ በሚበላ ጥሪ። ይህን የመሰለ ንግግር ያልሰማ የድንበር ሰው የለም ብል አላጋነንኩም። ስልኩ በአንድ ሲም፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሲም ስለሆነ ነው የሚልም አለ። መልካም፤ እንግዲያው ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ ኮምፒውተሩን በዚያው ላይ መሞከር ነው። ይህን ግን የሚሞክር አይገኝም።

ሪሞት ዴስክቶፕ ከጥንቱም ደካማ መስመር ታስቦለት የተሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ፕሮፌሽናል ጋር ሲመጣ ብዙው ሰው ቤቱ የነበረው በስልክ ገመድ እየጮኸ የሚገናኝ ሞደም ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ የመስመሩን ዓይነት የሚያስመርጥ ዝርዝር አለ፤ በዊንዶውስ 10 ላይ እንኳ ቢከፍቱት 56 ኪሎቢት ሞደም የሚል አማራጭ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። መተማ ላይ ሰው የሚያማርርበት 3ጂ፣ በደህና ቀኑ፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ማይክሮሶፍት ራሱ ባወጣው ግምት በሪሞት ወርድ ላይ ለሚጽፍ ሰው በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ኪሎቢት፣ ኤክሴል ላይ ለሚሠራ ደግሞ ከ150 እስከ 200 ኪሎቢት ይበቃዋል። በመስመሩ ላይ የሚሄደው ፋይሉ አይደለምና፤ የሚሄደው በስክሪኑ ላይ የተለወጠው ክፍል ብቻ ነው። ጎንደር ተቀምጦ የመተማን ሰሊጥ ነጋዴ ሒሳብ በፒችትሪ የሚይዝ ሰው አንድ ቁጥር ሲጽፍ፣ ድንበሩ ድረስ ተጉዞ የሚመጣለት ያቺ ቁጥር ያረፈችበት ቁራጭ ናት። በሪሞቱ ውስጥ ዩቲዩብ ከፍቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ በሰከንድ ብዙ ሜጋቢት ይፈልጋል፣ ኔትወርኩ ቢያቅተው አይፈረድበትም።

ደካማ መስመር የሚያመጣው ችግር መልኩም የታወቀ ነው። የተጻፈው ፊደል ዘግይቶ ይመጣል፣ ማውሱ ይጎተታል፣ ስክሪኑ እየተቆራረጠ ይሳላል። ይህን የሚያይ ሰው ግን ተገናኝቷል። ቀርፋፋ መስመር ያዘገያል እንጂ "ፓስወርድህ ትክክል አይደለም" አይልም፤ "ይህ ኮምፒውተር ሪሞት አይቀበልም" አይልም።

ለዚህ ሙግት ዳኛ የሚሆን ፈተናም አለ፤ ዳታ እንኳ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ባለበት ቤት የአንድ ስልክ ሆትስፖት ይከፈት፣ የስልኩ ዳታ ግን ይጥፋ። ኮምፒውተሩንና ሌላ አንድ ላፕቶፕ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ በዚያ ሆትስፖት ላይ አገናኝቶ ከላፕቶፑ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት መሞከር ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ የሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ የዓለም ኢንተርኔት ሁሉ ቢቋረጥ እንኳ መሥራት ያለበት ነገር ነው። እዚያ ካልሠራ ኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሱዳኖቹን ኩባንያዎች ሱዳኒንና ዘይንን መክሰስ በሐሰት መመስከር ነው። ከሠራ ኮምፒውተሩ ነጻ ወጣ፤ ክሱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሰው ግን ለወራት "ኔትወርክ ነው" እያለ ሲኖር ይህን አንዴ አይሞክርም።

ቤት ውስጥ ያለው ጥፋት ምን ይመስላል? ከመብራት ልጀምር። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባ 230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጥበት ነው። መብራት መጥፋቱን በሁለቱም በኩል ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለ እሱ ማንም አይሳሳትም። ስሕተቱ የሚመጣው መብራቱ ሲመለስ ነው። ራውተሩ በራሱ ይነሣል፣ ቬንትሌተሩ መዞር ይጀምራል፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ዴስክቶፑ ግን ዝም እንዳለ ነው። ብዙዎቹ የቤት ዴስክቶፖች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ጠፍተው እንዲቀሩ ተደርገው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ባዮስ ውስጥ "ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ" ወይም ይህን የመሰለ ስም ያለው መስመር አለ፤ እሱ "ፓወር ኦን" ከተደረገ ኮምፒውተሩ መብራት በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው። ስንት ቴክኒሻን ነው ሪሞት ጭኖ ሲሄድ ይህችን የሚነካ? የቤቱ ሰዎች ገበያ ውለው፣ ወይም በክረምቱ ወደ እርሻው ወርደው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲውል ጎንደር ያለው ሰው የሚያየው መልእክት ያው ከላይ ያልኩት ነው። ሁለተኛውን መስመር ቢያነበው ኖሮ እዚያ ተጽፎለታል።

ያልጠፋውም ይተኛል። ዊንዶውስ ካልነገሩት በቀር ሰው ካልነካው ቆይቶ ይተኛል፤ የተኛ የቤት ኮምፒውተር ከድንበር ማዶ ቢጠሩት አይሰማም። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ አቧራ እንዳይገባው ብለው በጥንቃቄ ይከድኑታል፤ እሱም ወዲያው ይተኛል። ለጥንቃቄያቸው ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም፤ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ ማስተካከል የነበረበት ሪሞቱን የጫነው ሰው ነው። ራውተር በሌለበት ቤት ደግሞ ራውተሩ የአባወራው ስልክ ነው። አባወራው ሱቅ ሊከፍት ሲወጣ ኢንተርኔቱ በኪሱ ሆኖ አብሮት ይወጣል። ቤት የቀሩት "ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የለም" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ኔትወርኩ ሱቅ ነው ያለው።

ሰዓቱም አለ። ሱዳን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ከዚያ ወዲህ መተማና ገላባት ፊት ለፊት እየተያዩ የተለያየ ሰዓት ይቆጥራሉ። ጎንደር ያለው "ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ኮምፒውተሩን አብሩልኝ" ይላል። በእሱ ሦስት ሰዓት ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በዚያው ቅጽበት የገዳሪፍ ግድግዳ ሰዓት ስምንትን ያሳያል። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገው ልጅ አማርኛውን አሳምሮ ስለሚያውቅ ሦስትን ወደ ዘጠኝ ይለውጣል፤ በራሱ ግድግዳ ዘጠኝ ሲሆን ኮምፒውተሩን ያበራል። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አራት ሰዓት ሆኗል። ጎንደር ያለው አጎቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሞክር ቆይቶ ተኝቷል፤ ከመተኛቱ በፊት ምን ብሎ እንደፈረደ መናገር አያስፈልግም።

የኮምፒውተሩ የራሱ ሰዓትም እንዲሁ ጉድ ይሠራል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ በየሰዓት ሰሪው ሱቅ የምትገኘው ሲአር 2032፣ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። በኢንተርኔት ላይ የሚደረግ ምሥጢራዊ ግንኙነት ደግሞ የሰርተፊኬት ቀን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ውስጥ ያለ የሚመስለው ኮምፒውተር የሚቀርብለትን ሰርተፊኬት ገና ያልተሰጠ አድርጎ ያየውና አልገናኝም ይላል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰውም ያንኑ አድርጓል፤ ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል። ይህን ጥፋት ሰው ኔትወርክ የሚለው ጉግልም አልከፈት ስለሚለው ነው። ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን ቀን የሚያያት የለም።

እዚህ ላይ ከሳሾቹ ግማሽ እውነት ያላቸውን ቦታ ልንገራቸው፤ እነሱ ግን አያነሡትም። የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ለዓለም ሕዝብ አልበቃም። ስለዚህ የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር ያስገባሉ፤ ለዚሁ አሠራር ተብሎም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምሩት አድራሻዎች ተለይተው ተቀምጠዋል። አንድ የውጭ በር ብቻ ያለው፣ ብዙ ተከራይ የሚኖርበት ግቢ እንደማለት ነው፤ ተከራዩ እንዳሻው ይወጣል፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን የትኛውን ክፍል ማንኳኳት እንዳለበት የሚነግረው ዘበኛ የለም። ጎንደር ያለው ኮምፒውተር እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፤ ገዳሪፍ ያለውም እንዲሁ። አንዱ ሌላውን በቀጥታ ቢጠራ አይደርስም። ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው አይደለም፤ በናይሮቢም ሆነ በሙምባይ በሞባይል ዳታ የሚኖር አብዛኛው ቤት በዚያው ዕጣ ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል? ፓኬጅ ይጨመራል! ከወር ወር ትልቅ ፓኬጅ የሚገዛ፣ ራውተር የሚለውጥ፣ አንቴና ጣሪያ ላይ የሚያወጣ ሰው አለ። አንዱም አይሠራም፤ የጎደለው ፍጥነት አይደለማ። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ ራውተሩ በራሱ ገጽ ላይ የሚያሳየው የውጭ አድራሻና ከኢንተርኔት ላይ "አድራሻዬ ስንት ነው" ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው ካልተመሳሰሉ ግቢ ውስጥ ናችሁ። መድኃኒቱ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ ወጥተው በመካከል የሚገናኙበት መንገድ ነው። አኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ረስትዴስክ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ የዊንዶውሱን ሪሞት መጠቀም የፈለገ እንደ ቴይልስኬል ባለ የግል መረብ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አንድ ቤት እንዳሉ ማድረግ ይችላል። ጎንደር ወይም ገዳሪፍ ላይ "እዚህ ሪሞት አይሠራም" የሚል ሰው አኒዴስክ ሲሠራ ሲያይ "ኔትወርኩ ዛሬ ተሻለ" ይላል። ኔትወርኩ እንደነበረው ነው። የተለወጠው መንገዱ ነው።

ሌላው ሁሉ በር ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። የዊንዶውስ ሆም እትም ወደ ሌላ ይገባል እንጂ ወደ ራሱ አያስገባም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው የቤት ላፕቶፕ በብዛት ሆም ነው፤ ስለዚህ የዊንዶውሱን ሪሞት በሆም ላይ ለወራት የሞከረ ሰው ግድግዳ ሲገፋ ነው የኖረው። ፓስወርድ የሌለው አካውንት በሪሞት አይገባም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክላል። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው አጭሩ ፒን ለሪሞት አይሆንም፤ የሚፈለገው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው። የገዳሪፉ ኮምፒውተር ኪቦርዱ በአረብኛ ላይ ቆሞ ከሆነ ከጎንደር የሚጻፈው ፓስወርድ እዚያ ሲደርስ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አማርኛ ሲጻፍም በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ኪማን ወይም ፓወር ግዕዝ በአንድ ጊዜ ክፍት ከሆነ ፊደሉ ይደባለቃል፤ በወዲያኛው ላይ ብቻ ማብራት፣ በወዲህኛው እንግሊዝኛ ማድረግ ነው። "ፊደሉን ኔትወርኩ አበላሸው" ሲባል የሰማሁት በዚህ ነገር ላይ ነው፤ መስማቴን ማመን ቢያቅተኝም።

አሁን ተከራካሪዬ ይነሣል፤ የሚያነሣውም ቀላል አይደለም። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከጁን 3 እስከ ጁላይ 9 ቀን 2019 ኢንተርኔት ተዘግቶባት ነበር። ከኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም እስከ ኖቬምበር 18 ተዘግቷል። በ2022 የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ሲሰጥ ጠዋት ጠዋት ለሰዓታት ይጠፋ ነበር። ጦርነቱ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከተነሣ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ሱዳኒ፣ ዘይንና ኤምቲኤን ሦስቱም ተቋርጠው አገሩ ጨለማ ውስጥ ገብቷል። በእኛ በኩል ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሆኑትን ማን ይረሳል? ይህን ሁሉ እያወቅክ ኔትወርኩን ነጻ ታወጣለህ? ይለኛል።

ኔትወርኩን ነጻ ማውጣቴ ዘጊዎቹን ነጻ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም የዚህ ክርክር ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። መንግሥት ሲዘጋ፣ ወይም ታጣቂ የኩባንያውን ማዕከል ሲይዝ ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ኢሞውም ቴሌግራሙም የባንክ አፑም አብረው ይጠፋሉ፣ የጎረቤቱም ይጠፋል፣ የተጀመረበት ሰዓት ይታወቃል። አኒዴስኩ ብቻ እምቢ ብሎ ቴሌግራሙ ከሠራ ያ የመንግሥት መዝጋት የሚባለው አይደለም። እኛ ግን ባትሪ ላለቀበት ኮምፒውተርም፣ ለተከደነ ላፕቶፕም፣ ለተዘጋ ክልልም አንድ ዓይነት ፍርድ እንሰጣለን። በዚህ ተጠቃሚው ማን ነው? የዘጋው ነው። ኔትወርክ እንደ ዝናብ አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚቀር ነገር መስሎ ከታየ ሆን ብሎ ያጠፋው ሰው ማንም አይጠይቀውም። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን "ሲስተም የለም" ስንባል ማን አጠፋው ሳንል ወደ ቤታችን የምንመለሰው በዚሁ ልማድ ነው። የተዘጋን ኢንተርኔት "ተዘጋ" ለማለት ያልተዘጋውን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል።

ፍርዱ የሚመቸው ሌላም ወገን አለ፤ ባለሙያው። በአንዱ የድንበር ከተማ ሱቅ ውስጥ አንድ ነጋዴ ለሪሞት ተከላ ከፍሎ ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አይቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠው መልስ "ኔትወርኩ ሲስተካከል ይሠራል" ነው። ማሽኑ ሆም ነበር። "ኔትወርክ ነው" ያለ ቴክኒሻን ገንዘቡን አይመልስም፣ ሥራውን አይደግምም፣ አላወቅሁም አይልም። ደንበኛውም አይከፋም፤ በማይታይ ነገር ላይ ማን ይጣላል?

ከዚህ የባሰው የተሳሳተው ፍርድ የሚያስከትለው ሕክምና ነው። ኔትወርኩ ነው የዘጋብን ብሎ ያመነ ሰው የሚዘጋ የሚመስለውን ሁሉ ያነሣል። ፋየርዎሉን ያጠፋል፣ አንቲቫይረሱን ያራግፋል፣ ፓስወርዱን 1234 ያደርጋል፣ ዕድል ቀንቶት የውጭ አድራሻ ካለው ደግሞ የሪሞቱን በር፣ 3389ን፣ ለዓለም ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ከተወው ዓመታት ላለፉት ለኤክስፒ እንኳ ማስተካከያ አውጥቷል፤ የአደጋው ክብደት እስከዚያ ነበር። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች እስከ ዛሬ የሚወዱት በር ይኸው ነው። የአኒዴስክ ቁጥሩን ደግሞ "ከባንክ ነው፣ ኔትወርክህን ላስተካክልልህ" ላለው ሁሉ የሚያነብ ሰው አለ፤ ችግሩ ኔትወርክ መሆኑን ቀድሞ ስላመነ ነው የሚታለለው። አኒዴስክ ራሱ በፌብሩዋሪ 2024 ሰርቨሮቹ መደፈራቸውን አምኗል። እነዚህን ፕሮግራሞች አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም፤ ማንን እንደምታስገቡ እወቁ ነው።

ድሮ ይህ ሁሉ ብዙ አይከብድም ነበር። ኮምፒውተሩ እምቢ ካለ ሳጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገላባት በኩል ይሻገርና መተማ ወይም ጎንደር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 መጀመሪያ የገላባት መተላለፊያ ሲዘጋ ያ አማራጭም ተዘጋ። መንገዱ ቢከፈትም በዛሬው ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ ኮምፒውተር ይዞ መሄድ ለማንም የማልመክረው ነገር ነው። ስለዚህ ሪሞቱ ለነጋዴው ሒሳቡ ነው፣ ለተፈናቀለው ተማሪ ማስረጃዎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ላይ "ሲመጣ እንሞክራለን" ብሎ መተው ያስቆጫል።

አንድ መልስ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ እሱ ነው። "ቤት ያለችው እናቴ ናት፤ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ሴቲንግ አታውቅም፣ ምን እንድታደርግ ነው?" ምንም ሴቲንግ እንድትነካ አይደለም። ከኪቦርዱ ግራ ያለችውን ካፕስ ሎክ ትጫን፤ ትንሿ መብራት በርታ ከጠፋች ኮምፒውተሩ ነቅቷል። ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓትና ቀን ታንብብልህ፤ ቁጥር ነው። ሆትስፖቱ የማን ስልክ እንደሆነና ሰውየው ቤት እንዳለ ትንገርህ። መልእክት ከወጣ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትላክልህ፤ ፎቶው ከደረሰህ ኢንተርኔት አለ። ይህን ሁሉ ጠይቀህ አልሆነ ካለና ቴሌግራሙም ከሞተ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍና ኔትወርኩን ክሰስ፤ እኔም ምስክር እሆንሃለሁ።